ስለ ፖርሼ 356 አመጣጥና አሠራር፥ ከቮልስዋገንም ጋራ ስላለው ዝምድና

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር፥ በአቃቂ ቃሊቲ ከሚገኙት ጋራዦች በአንዱ፥ ሞተሩ የወረደ አሮጌ ቮልስዋገን አየን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን እርሱ ነው። ሞተሩ ለብቻው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሁለት ብርቱ ሰዎች ይሸከሙታል። ራዲያተር የለውም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተጋድመዋል፤ እያንዳንዱም እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ተከቧል። የጋራዡን አዛውንት መካኒክ «ጋሼ፥ ይህ ሞተር በእሽቅድምድም አሸንፏል ቢባል ያምናሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁና «ልጆቼ፥ ይኸ ይደርሳል እንጂ አይቀድምም» አሉን።

የመካኒኩ ቃል ስለ ቮልስዋገን እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሞተር ጥቂት ተለውጦ፥ ያው የፊትና የኋላ እግር ተያይዞለት፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ከተሠሩት የስፖርት አውቶሞቢሎች ሁሉ ስሙ የገነነው ፖርሼ 356 ተወልዶበታል። የዚህ አውቶሞቢል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ ሊቅ ሕልም ነው፤ ይኸውም የሚመኘውን አውቶሞቢል በገበያ ቢያጣው ራሱ ሠራው ይባላል። እኛ ግን የአውቶሞቢሉን አካላት አንድ በአንድ ስንመረምር ያገኘነው ሌላ ነው። 356ን ያስገኘው የታጣው ነገር ብቻ ሳይሆን በእጅ የነበረው ነገር ነው፤ በእጅ የነበረውም የቮልስዋገን ዕቃ ነበር። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የቮልስዋገን ታሪክ፥ ከነክብሩና ከነዕዳው፥ የ356 ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ለይተን እንናገራለን።)

ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1875 በቦሄሚያ፥ ያን ጊዜ በኦስትሪያና ሁንጋሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረች ማፈርስዶርፍ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። በብዙ ፋብሪካዎች ካገለገሉ በኋላ በ1931 በሽቱትጋርት የራሳቸውን የንድፍ ቢሮ አቋቋሙ። ስለዚህ ቢሮ ሲነገር አንድ ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከመሥራቾቹ አንዱ አዶልፍ ሮዘንበርገር የሚባሉ፥ ዝነኛ የእሽቅድምድም ነጂ የነበሩ አይሁዳዊ ናቸው። ከአክሲዮኑ ከመቶ ዐሥር እጁ የርሳቸው ሲሆን፥ ቢሮው ገንዘብ ባጣበት በመጀመሪያው ዘመን ገንዘብ በማምጣትና የንግዱን ሥራ በመምራት ረድተዋል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1935 ድርሻቸው በ3,000 ማርክ ተወስዶ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ተይዘው ኪስላው በሚባለው ማጎሪያ ታሰሩ፤ ከተፈቱም በኋላ አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በ1934 ቢሮው ከጀርመን የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ማኅበር ጋራ ውል ተዋዋለ። የተጠየቀው አውቶሞቢል አባትና እናትን ከነልጆቻቸው የሚይዝ፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፥ ዋጋው ከ1,000 ማርክ በታች የሆነ ነበር። የመጨረሻው ዋጋ 990 ማርክ ተባለ። ሠራተኛው በየሳምንቱ ቢያንስ አምስት ማርክ እየከፈለ በደብተሩ ላይ ቴምብር እንዲለጥፍ ተደረገ፤ ከ300,000 የሚበልጥ ሰውም ቆጠበ። በ1938 የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነት ሲነሣ ፋብሪካው ለሠራዊቱ ተሽከርካሪና የጦር መሣሪያ መሥራት ያዘ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በደብተሩ አውቶሞቢል አልተረከበም። በጦርነቱ ዘመን በዚያ ፋብሪካ የሠሩት አብዛኞቹ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ አልነበሩም። ከፖላንድ፥ ከሶቪየት ኅብረት፥ ከፈረንሳይና ከሌላም አገር በግድ የተጋዙ፥ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ እስረኞች ነበሩ፤ በጠቅላላውም ወደ 20,000 ይደርሳሉ።

በዚሁ ጊዜ መካከል የስፖርቱ አውቶሞቢል አሳብ ብቅ ብሎ ነበር። በ1939 ከበርሊን እስከ ሮም ሊደረግ ለታሰበ እሽቅድምድም በቮልስዋገን ዕቃ ላይ የተመሠረቱ፥ የአሉሚኒየም ገላ ያላቸው፥ ተርታ ቍጥራቸው 64 የሆነ ሦስት አውቶሞቢሎች ተሠሩ። ጦርነቱ ስለ ተነሣ እሽቅድምድሙ ቀረ። ቅርጻቸውን የነደፉት ኤርቪን ኮሜንዳ የሚባሉት ኦስትሪያዊ ሲሆኑ፥ የቮልስዋገኑን ገላ ከነደፉት ዋናው፥ ኋላም የ356ን ገላ የነደፉት እርሳቸው ናቸው። ሦስቱ አውቶሞቢሎች በመልክ ቢመሳሰሉ እንግዲህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ እጁ አንድ ነውና።

በ1944 ሽቱትጋርት በአየር ድብደባ ስትጐዳ ቢሮው በኦስትሪያ በኬርንተን አውራጃ ወዳለችው ግሙንድ ተዛወረ። የሰፈሩበት ቤት የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረ ነው። ጦርነቱ እንዳለቀ በ1945 መጨረሻ ዶክተር ፖርሼ በፈረንሳዮች ተይዘው እስከ 1947 ታሰሩ። ሥራውን የያዙት ልጃቸው ፌሪ ፖርሼና እኅታቸው ሉዊዘ ፒየኽ ናቸው። የእርሻ መሣሪያ ይጠግናሉ፥ የውሃ ማንሻ ይሠራሉ፥ የተበላሸ አውቶሞቢል ያድሳሉ። ቺሲታሊያ ለሚባለው የጣሊያን ኩባንያ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ነድፈው ያገኙት ገንዘብም ለአባታቸው መፈቻ ዋስትና ረዳ። ብረት እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚገኘውና የሚያውቁት ነገር ግን አለ። ይኸውም የቮልስዋገን ሞተር፥ የቮልስዋገን ካምቢዮ፥ የቮልስዋገን መሪና ፍሬን ነው።

ከዚህ ዕቃ የተሠራው 356 ቍጥር አንድ፥ ሰኔ 1 ቀን 1940 ዓመተ ምሕረት እንደኛ አቆጣጠር፥ በአውሮፓ ደግሞ በጁን 8 ቀን 1948፥ የመንገድ ፈቃድ አገኘ። ጣሪያ የሌለው ሁለት ሰው የሚይዝ ነበር። ሻንሲው ከብረት ቱቦ የተበየደ፥ ገላው የአሉሚኒየም፥ ክብደቱ 585 ኪሎ ብቻ ነው። ሞተሩ ያው 1,131 ሲሲ የሆነው የቮልስዋገን ሞተር ሲሆን ጕልበቱ ከ25 ወደ 35 የፈረስ ጕልበት ከፍ ተደርጓል። በዚህም በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ሄደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን፤ ምክንያቱም ጠቅላላው ምስጢር ያለው በነዚህ ቍጥሮች ውስጥ ነውና። ሠላሳ አምስት የፈረስ ጕልበት ለስፖርት አውቶሞቢል እጅግ ጥቂት ነው። በዚያን ዘመን እንግሊዞችና ጣሊያኖች ፈጣን አውቶሞቢል ሲፈልጉ ትልቅ ሞተር ይሠሩ ነበር። ግሙንድ ግን ትልቅ ሞተር አልነበራትም፤ ስለዚህ ሞተሩን ማሳደግ ካልተቻለ ጭነቱን መቀነስ ግድ ሆነ። ጭነት ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ጠላት ነፋስ ነው። የአየር ግፊያ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል፤ ሞተሩ እርሱን ለማሸነፍ የሚያወጣው ጕልበት ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኮሜንዳ ገላውን ያለ ማዕዘን፥ ከኮፈኑ እስከ ጭራው ባንድ መስመር እንዲወርድ ያደረጉት ለማማር ብቻ አይደለም። የዚህ አውቶሞቢል ውበት ጕልበት ያጣ ሰው ብልኀት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከፊት ራዲያተር ስለሌለ ነፋስ የሚገባበት ትልቅ አፍ አያስፈልግም፤ ስለዚህ አፍንጫው ዝቅ ብሎ ሊከብብ ቻለ። ይህም ከቮልስዋገን የተወረሰ ጸጋ ነው። ባሌስትራ የለውም፤ በርሱ ፈንታ የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች በአግድም ተቀምጠው የመንገዱን ጕድባ ይቀበላሉ። ይህን ዓይነት አሠራር ዶክተር ፖርሼ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስማቸው አስመዝግበውት ነበር። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ፍሬን ሳይቀር እንደ ቮልስዋገኑ በሽቦ የሚሳብ ነበር፤ ለፈጣን አውቶሞቢል ይህ የሚያስመሰግን አይደለም። ቢሮው በራሱ አሳብ የጨመረው ዋና ነገር የሲሊንደሩ ራስ ነው። ቫልቮቹ ዘንበል ብለው እንዲቀመጡ ተደርጎ ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ሆነ፤ ባንድ ካርቡራተር ፈንታም ሁለት ተደረጉለት።

በቍጥር አንድ ላይ ሞተሩ ከኋላ እግር ወደ ፊት፥ በአውቶሞቢሉ መካከል ተቀምጦ ነበር። ለሚዛን ይህ የተሻለ ነው። ሆኖም ከወንበሩ ኋላ ሻንጣ የሚቀመጥበት ስፍራ ጠፋ፤ የቱቦውም ሻንሲ ለመበየድ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ስለዚህ ለሽያጭ በታሰበው በሁለተኛው ንድፍ ሞተሩ እንደ ቮልስዋገን ከእግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ሻንሲውም ከላሜራ እንደ ሣጥን ተሠራ። ዋጋው ግን ነበረበት። ጭነቷ ወደ ኋላ ያዘነበለ በቅሎ ቍልቍለት ላይ በድንገት ብትታጠፍ ቂጧ እንደሚቀድማት፥ 356ም በኵርባ ላይ ነጂው ደንግጦ ነዳጁን ቢለቅ ጭራው ወደ ፊት ይመጣል። የኋላ እግሩ አሠራር ጎማው ወደ ውስጥ እንዲጣጠፍ ስለሚፈቅድ ነገሩ ይብሳል። ይህን ጕድለት የፖርሼ መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት እያቃለሉ ኖሩ እንጂ ፈጽመው አላስወገዱትም። ለዝርዝር ሥራው መከበሪያ የሆነው አውቶሞቢል መሠረታዊ ጕድለቱን ከድኻው ዘመዱ ወረሰ ማለት ነው።

በግሙንድ ወደ ኀምሳ የሚሆኑ አውቶሞቢሎች ተሠሩ። የእያንዳንዱ ገላ በባትላሜራ እጅ፥ በእንጨት ቅርጽ ላይ አሉሚኒየም እየተቀጠቀጠ ተሠራ። ይህን ስናነብ በቃሊቲ መንገድ ዳር የተሰበረ በር በመዶሻ እየቀጠቀጡ የሚያቃኑት ወጣቶች ትዝ አሉን፤ መዶሻው ያው ነው፥ ልዩነቱ ቀጥሎ የመጣው ውል ነው።

ውሉ የተፈረመው በ1948 መስከረም ላይ ነው። በቮልፍስቡርግ የነበረውን ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች፥ በተለይም ሻለቃ አይቫን ኸርስት፥ ከፍርስራሹ አንሥተውት ነበር፤ ከ1948 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ሥራ አስኪያጁ ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ ናቸው። በውሉ መሠረት ቮልስዋገን ለፖርሼ ዕቃ ያቀርባል፤ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ቮልስዋገንም ለንድፉ ባለቤት ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ፖርሼም አውቶሞቢሉን በቮልስዋገን ነጋዴዎች በኩል ይሸጣል። ቮልስዋገን በሚሊዮን ሲቈጠር ጥቂቱ ገንዘብ ብዙ ሆነ። በኛ አስተያየት ለ356 ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው የኮሜንዳ መስመር ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው፤ የሥዕል መጽሐፎች ግን ወረቀቱን አያሳዩም።

በ1950 ሥራው ወደ ሽቱትጋርት ተመለሰ። ገላው የአረብ ብረት ሆነ፥ የሚሠራውም በሮይተር ፋብሪካ ነው። ሞተሩ 1,086 ሲሲ፥ ጕልበቱ 40 ነበር። በ1951 ዶክተር ፖርሼ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ለ ማን በሚደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ከግሙንድ ከቀሩት የአሉሚኒየም አውቶሞቢሎች አንዱ፥ ኦጉስት ቬዬና ኤድሞን ሙሽ እየተፈራረቁ ነድተውት፥ ከ1,100 ሲሲ በታች ባሉት መካከል አንደኛ ወጣ። የአቃቂው ጋሼ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቮልስዋገኑ ዕቃ እየተነሣ በፖርሼ ዕቃ የመተካቱ ታሪክ ነው። በ1952 ማርሽ ሲለወጥ የማይንጫጫ ካምቢዮ ገባ፤ ለሁለት የተከፈለው የፊት መስተዋትም አንድ ወጥ ሆነ። በ1954 ለአሜሪካ ገበያ ዋጋው ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ ዝቅ ያለ መስተዋት ያለው ስፒድስተር ወጣ። በ1955፥ በ1959 እና በ1963 ሦስት ታላላቅ ማሻሻያዎች ተደረጉ፤ በመጨረሻው በአራቱም እግር የዲስክ ፍሬን ገባ። ኤርንስት ፉርማን የነደፉት አራት ካም ያለው ሞተር ከቮልስዋገን ጋራ ያለው ዝምድና ተጋድሞ መተኛቱና በአየር መቀዝቀዙ ብቻ ነበር። በ1965 ሥራው ሲያበቃ ከ76,000 በላይ 356 ተሠርቶ ነበር። ቮልስዋገን በበኩሉ እስከ 2003 ድረስ ሲሠራ ቈይቶ ቍጥሩ ከ21 ሚሊዮን ዘለለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው 356ን ሳይሆን ያን ድኻ ዘመዱን ነው። ለምን እንደ ተወደደ ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዐቀበት የሚወጣ ባለ ራዲያተር አውቶሞቢል ቶሎ ይፈላል። ቮልስዋገን የሚፈላ ውሃ የለውም። እርግጥ አየሩም ሳስቶ፥ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፥ የሞተሩ ጕልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ «ይደርሳል እንጂ አይቀድምም» የተባለው አለምክንያት አይደለም። ሞተሩ በሚነዱት ጎማዎች ላይ መጫኑ ደግሞ በጭቃ ይጠቅማል። የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያሻም። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ እሽቅድምድም በ1954፥ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው ቮልስዋገን መሆኑም ይህንኑ ያስረዳል።

ቮልስዋገን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የገባበት ቀን ግን ከእሽቅድምድም ጋራ አይገናኝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት በኛ አቆጣጠር፥ ደርግ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴን ከዙፋናቸው ባወረደበት ዕለት፥ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። እኒሁ ንጉሥ በ1954 ምዕራብ ጀርመንን በጐበኙ ጊዜ፥ ያች ሪፐብሊክ ከተመሠረተች ወዲህ የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ነበሩ። የአውቶሞቢሉን አሠራር የሚያውቅ አንድ ነገር ያስተውላል። ቮልስዋገን ሁለት በር ብቻ ስላለው ወደ ኋላ የሚገባ ሰው፥ ማንም ቢሆን፥ የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ጎንበስ ማለት አለበት። በ1934 አባትና እናት ልጆቻቸውን ከኋላ እንዲያስቀምጡ የተነደፈው ንድፍ፥ ከ40 ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ሌላ ትርጓሜ አገኘ።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። ሮዘንበርገር ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ ሆነው ድርሻቸውን ጠየቁ። በ1950 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ 50,000 ማርክና አንድ አውቶሞቢል ተሰጣቸው፥ አክሲዮናቸው ግን አልተመለሰም። ስማቸውን ለውጠው በሎስ አንጀለስ ኖረው በ1967 ሞቱ። የቼኮስሎቫኪያው ታትራ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት፥ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ አውቶሞቢል ሠርቶ ስለ ነበር ንድፌ ተወሰደብኝ ብሎ ያቀረበው ክስ ጀርመን አገሩን ስትይዝ ታፈነ፤ ካሳው የተከፈለው በ1960ዎቹ ነው። በግድ የሠሩት ሰዎች ታሪክ በሰፊው የተጻፈው ደግሞ ሐንስ ሞምዘንና ማንፍሬድ ግሪገር በቮልስዋገን ጠያቂነት መርምረው በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ ኩባንያው በ1998 የርዳታ ገንዘብ ሲያቋቁም ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሞተው ነበር። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ከአውቶሞቢል ንድፍ ጋራ ምን አገናኘው?» ብለውናል። የምንመልሰው እንዲህ ነው። 356 ከባዶ ወረቀት የተነሣ ቢሆን ኖሮ ባላገናኘው። ነገር ግን ሞተሩን፥ እግሩን፥ ነጋዴዎቹንና በየዓመቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ከቮልስዋገን ከተቀበለ፥ ውርሱን ወስዶ ዕዳውን መተው በየትኛውም አገር ሕግ አያስኬድም።

በዚያ በአቃቂ ጋራዥ ቮልስዋገኑ የቆመው ሞተሩ ደክሞ አልነበረም። ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ቺንጊያ በመንገድ ላይ ተበጥሶ፥ ነጂው ቀዩን መብራት ሳያይ ስለ ነዳው ሞተሩ ተቃጥሎ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃ አይፈላበትም እንጂ ነፋሱ ከቆመ የሚያስጠነቅቅ እንፋሎት እንኳ የለውም። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ አሮጌዎቹን መጠገን ከፊቱ ይልቅ የሚፈለግ ሥራ ሆኗል። መካኒኩ ሁለት ፒስተንና ሁለት ሲሊንደር ከሌላ ከቆመ ቮልስዋገን አውርደው በጨርቅ ላይ ደርድረዋቸው ነበር። አንዱን አንሥተው በውስጡ ወደ ብርሃን ከተመለከቱ በኋላ «ይኸ ይሆናል» አሉና ለረዳታቸው አቀበሉት።